የሚዋኝ ቀለም፦ ለእጅ ጽሑፍ ማስታወሻ የሚሆን ታብሌት እንዴት ይመረጣል?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቻችን ግቢ ውስጥ አንድ አዲስ መሣሪያ አልፎ አልፎ መታየት ጀምሯል። መጠኑ ደብተር የሚያህል፣ ውፍረቱ ከአንድ ጠንካራ የመጽሐፍ ሽፋን ብዙም የማይበልጥ፣ በላዩ ላይ በእስክሪብቶ መሰል ዘንግ የሚጻፍበት ሰሌዳ ነው። እንደ ስልክና እንደ ላፕቶፕ ስክሪን ብርሃን አይረጭም፤ ፀሐይ ላይ ሲወጣም አይደበዝዝም፤ ይልቁንም እንደ ወረቀት ይበልጥ ይነበባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ውጭ አገር ከሚኖር ወንድም፣ እኅት ወይም አክስት ነው። «የትኛውን ልላክልህ?» የሚል መልእክት ሲደርስ ግን ብዙ ተማሪ ምን ብሎ እንደሚመልስ ይቸገራል።

ጥያቄው እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኪንድል ስክራይብ የተባለው ታብሌት ለገበያ ሲቀርብ መነሻ ዋጋው 339 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሪማርከብል ፔፐር ፕሮ ደግሞ ሽያጩን የጀመረው በ579 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ ለላኪውም ቢሆን የብዙ ሰዓት ድካም ነው፤ ዕቃው በመንገደኛ ሻንጣ አገር ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ «አልተስማማኝም» ብሎ መመለስ የማይታሰብ ነው። ሻጮቹ ሁሉም «ልክ እንደ ወረቀት» ይላሉና ከማስታወቂያው መለየት አይቻልም።

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ምርጫውን የሚያቀልለው የዋጋ ዝርዝር ሳይሆን ጥቂት ፊዚክስ ነው። የእነዚህ መሣሪያዎች መልካም ጎንም ሆነ ጉድለት ከሞላ ጎደል ከአንድ እውነታ ይመነጫል፤ ይኸውም በስክሪኑ ውስጥ ያለው ቀለም እውነተኛ ቁስ መሆኑና ጽሑፍ በተጻፈ ቁጥር በፈሳሽ ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ መጓዝ ያለበት መሆኑ ነው።

የቀለሙ ጉዞ

ቅንጣቶችን በኤሌክትሪክ ኃይል እያንቀሳቀሱ ምስል የመፍጠር ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ፣ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ኒኮላስ ሸሪደን አንዱ ጎናቸው ነጭ ሌላው ጎናቸው ጥቁር የሆነ ደቃቅ የፕላስቲክ ኳሶችን በኤሌክትሪክ መስክ እያገላበጠ ጽሑፍ የሚያሳይ ሉህ ሠርቶ ነበር። በዚያው ዘመን በጃፓን ኢሳኦ ኦታና ባልደረቦቹ ቅንጣቶቹ ራሳቸው በፈሳሽ ውስጥ የሚጓዙበትን ስክሪን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ አስተዋወቁ። የዚህ ስክሪን ችግር ቅንጣቶቹ እየዋሉ እያደሩ እርስ በርስ መጣበቃቸውና ወደ አንድ ወገን መከማቸታቸው ነበር።

መፍትሔው ሃያ ዓመት ያህል ጠበቀ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበረው ጆሴፍ ጃኮብሰን ከባሬት ኮሚስኪና ከጄ. ዲ. አልበርት ጋር ሆኖ ፈሳሹን እጅግ ደቃቅ በሆኑ ካፕሱሎች ውስጥ ከፋፍሎ የማሸግን ዘዴ አበጀ። ቅንጣቱ ከካፕሱሉ መውጣት ስለማይችል ርቆ ሄዶ የሚከማችበት ስፍራ የለውም። የምርምሩ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1998 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታተመ፤ ኢ ኢንክ የተባለው ኩባንያም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ተቋቁሞ ነበር። ኮሚስኪና አልበርት ሥራውን ሲጀምሩ ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች እንደ ነበሩ የዚህ መጽሔት አንባቢያን ልብ ይሏል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 በአንድ የታይዋን ድርጅት ተገዝቷል፤ ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኙት የዚህ ዓይነት ታብሌቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስክሪናቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ከአንድ ምንጭ ነው። ስለዚህ ገዢው «የማን ስክሪን ይበልጣል?» ብሎ ብዙ መጨነቅ አይኖርበትም። ልዩነቱ ያለው በስክሪኑ ዙሪያ በተሠራው ነገር ላይ ነው።

አንዱ ካፕሱል ስፋቱ የሰው ፀጉር ውፍረት ያህል ነው። በውስጡ ጥርት ያለ ዘይት መሰል ፈሳሽ፣ በፈሳሹም ውስጥ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች አሉ። ነጮቹ የሚሠሩት የግድግዳ ቀለምን ነጭ ከሚያደርገው ከታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ነጮቹና ጥቁሮቹ ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል፣ ማለትም በተለምዶ ቻርጅ የምንለውን ይይዛሉ። ከካፕሱሎቹ በላይ ብርሃን የሚያስተላልፍ ኤሌክትሮድ፣ ከበታቻቸው ደግሞ በየፒክስሉ የተከፋፈሉ ኤሌክትሮዶች አሉ። ከታች ያለው ኤሌክትሮድ በአንድ አቅጣጫ ቮልቴጅ ሲሰጠው ጥቁሮቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ቮልቴጁ ሲገለበጥ ነጮቹ በተራቸው ይወጣሉ። ይህ ክስተት ኤሌክትሮፎረሲስ ይባላል። የባዮሎጂ ተማሪዎች ዲኤንኤን በጄል ላይ ለመለየት የሚጠቀሙበት መርሕ ራሱ ነው።

እስቲ ቁጥሮቹን እንመልከት። የተለመደው ቮልቴጅ 15 ቮልት ነው፤ የቀለሙን ንጣፍ ውፍረት በግምት 50 ማይክሮሜትር ብንወስድ፣ የኤሌክትሪክ መስኩ 15ን ለ0.00005 ሜትር በማካፈል በሜትር 300,000 ቮልት ይሆናል። ይህ አየርን ሰንጥቆ ብልጭታ ለመፍጠር ከሚያስፈልገው መስክ አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ ከትንሽ ባትሪ የሚነሣ መሆኑ ሊያስደንቅ ይችላል። ነገር ግን ይህን በመሰለ ብርቱ መስክ እየተገፋ እንኳ ቅንጣቱ ከታች ወደ ላይ ለመድረስ ከሴኮንድ ሦስት አሥረኛ ያህል ይፈጅበታል። ፍጥነቱን ብናሰላ በሴኮንድ 0.17 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ፍጥነት አንድ ሜትር ለመጓዝ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ያስፈልገዋል። ቀንድ አውጣ ትቀድመዋለች። ምክንያቱም ቅንጣቱ የሚዋኘው በዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ የኤሌክትሪኩ ግፊት ወዲያውኑ በፈሳሹ ሰበቃ ይመጣጠናል። በስልካችን ስክሪን ውስጥ ግን የሚጓዝ ቁስ የለም፤ የፈሳሽ ክሪስታል ሞለኪውሎች በያሉበት ይዞራሉ እንጂ አይሰደዱም። የፍጥነቱ ልዩነት ከዚህ ይመጣል።

የዝግታው ካሳ ደግሞ ይህ ነው። ቅንጣቱ አንዴ ከላይ ከደረሰ በኋላ ቮልቴጁ ቢቋረጥም እዚያው ይቆያል። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ከዘይቱ ብዙ እጥፍ የሚከብድ ሆኖ ሳለ የማይሰምጠው ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑና በፈሳሹ ውስጥ የተጨመሩ ረጃጅም ሞለኪውሎች እንደ ልል መረብ ሆነው ስለሚይዟቸው ነው። በመሆኑም የተጻፈ ገጽ ባለበት ለመቆየት ምንም ኃይል አይፈልግም። አምራቾቹ «ባትሪው ሳምንታት ይቆያል» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ አባባሉ እውነት የሚሆነው ግን በአብዛኛው ለሚያነብ ሰው ነው። ሲጻፍ የእስክሪብቶው መከታተያና ፕሮሰሰሩ ያለማቋረጥ ስለሚሠሩ፣ ከጧት እስከ ማታ የሚጽፍ ተማሪ ቀናትን እንጂ ሳምንታትን መጠበቅ የለበትም። ያም ቢሆን መብራት ጠፍቶ ላፕቶፕ በሚዘጋበት ዕለት ጥቅሙ አይናቅም።

ገጽ ሲገለጥ ስክሪኑ ለቅጽበት ጥቁር ሆኖ ብልጭ ማለቱ ብዙ አዲስ ተጠቃሚዎችን ያስደነግጣል። ይህ ብልሽት አይደለም። ካለፈው ገጽ ወደ ኋላ የቀሩ ቅንጣቶች ደብዛዛ የጽሑፍ ጥላ ስለሚተዉ፣ መሣሪያው ሁሉንም ወደ ላይና ወደ ታች አንዴ አመላልሶ ያጠራቸዋል። በተጨማሪም እያንዳንዱ ፒክስል ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚሰጠው ግፊት በጊዜ ሂደት መመጣጠን አለበት፤ አለዚያ ንጣፉ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ብልጭታውን ፈጽሞ አጠፋሁ የሚል መሣሪያ ጥላውን ተሸክሟል ማለት ነው።

እስክሪብቶውና ቀለሙ ስንት ይራራቃሉ?

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ መጠየቁ አይቀርም፦ ቅንጣቱ 300 ሚሊሴኮንድ የሚፈጅበት ከሆነ እንዴት ይጻፍበታል? በወረቀት ላይ ቀለሙ የሚታየው ጫፉ በነካበት ቅጽበት ነው።

መልሱ ዓይናችን የጉዞውን ፍጻሜ የማይጠብቅ መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ስክሪኖች በሴኮንድ 85 ጊዜ ያህል ትእዛዝ ይቀበላሉ፤ ይህም በየ12 ሚሊሴኮንዱ አንድ ጊዜ ማለት ነው። እስክሪብቶው ያለፈበት ፒክስል ሌሎቹ እስኪጨርሱ ሳይጠብቅ ወዲያውኑ መጥቆር ይጀምራል፤ ዓይንም ገና ግራጫ ሳለ ያየዋል። በዚህ ጊዜ መሣሪያው የሚጠቀመው ጥቁርና ነጭን ብቻ ነው፤ ግራጫዎቹን እርከኖች ትቶ ፍጥነትን ይመርጣል። ስለዚህ «መዘግየት» ተብሎ የሚነገረው ቁጥር ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪጠቁር ያለውን ጊዜ ሳይሆን መታየት እስኪጀምር ያለውን ይመለከታል።

የኖርዌዩ ሪማርከብል እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያ ታብሌቱን ሲያወጣ መዘግየቱ 55 ሚሊሴኮንድ እንደሆነ ገልጾ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ሁለተኛው 21፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፔፐር ፕሮ ደግሞ 12 ሚሊሴኮንድ መሆኑን አስታውቋል። ቁጥሮቹ የኩባንያው ናቸው። ትርጉማቸውን ለማወቅ በፍጥነት የሚጽፍ እጅ በሴኮንድ 10 ሴንቲሜትር ይጓዛል ብለን እንነሣ። በ55 ሚሊሴኮንድ ጫፉ ከቀለሙ 5.5 ሚሊሜትር ይቀድማል። ይህም በተራ ደብተር መስመር ላይ የአንድ ፊደል ስፋት ያህል ነው፤ «መ» ጽፎ ወደ «ም» የሚያልፍ ሰው ገና የ«መ»ን ቀለም እየጠበቀ ነው ማለት ነው። በ21 ሚሊሴኮንድ ልዩነቱ 2.1 ሚሊሜትር፣ በ12 ሚሊሴኮንድ ደግሞ 1.2 ሚሊሜትር ነው። ከ21 በታች ያለው መሻሻል ለማስታወሻ ጸሐፊ የሚያስገኘው ጥቅም ጥቂት ይመስለኛል፤ ከ55 ወደ 21 የተደረገው እመርታ ግን ሰሌዳውን ከአሻንጉሊትነት ወደ ደብተርነት ያሸጋገረ ነበር።

መዘግየት ብቻውን ግን አይበቃም። ጫፉ የሚነካው መስታወት ወይም ፕላስቲክ ከቀለሙ በላይ ስለሆነ፣ ጠጋ ብሎ ከጎን ለሚመለከት ሰው ቀለሙ ከጫፉ ትንሽ ወረድ ብሎ ይታያል። በስክሪኑ ላይ የብርሃን ንጣፍ ሲደረብ ይህ ርቀት ይጨምራል። በካሬ ወረቀት ላይ ግራፍ ለሚያነሣ የፊዚክስ ወይም የምሕንድስና ተማሪ ጉዳዩ ከመዘግየት ይልቅ ሊያስቸግር ይችላል።

ባትሪ የሌለው እስክሪብቶ

ብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚጠቀሙበት እስክሪብቶ ባትሪ የለውም። አሠራሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሚያውቀው ትምህርት ይገለጻል። ከስክሪኑ በታች የጥቅልል ሽቦዎች መረብ ተነጥፏል፤ መረቡ በሴኮንድ ግማሽ ሚሊዮን ጊዜ ያህል የሚዋዥቅ መግነጢሳዊ መስክ ለአጭር ጊዜ ያሰራጫል። በእስክሪብቶው ውስጥ አንድ ጥቅልል ሽቦና አንድ ካፓሲተር ብቻ አሉ፤ እነርሱም ከዚያ ድግግሞሽ ጋር በሬዞናንስ የተጣጣሙ ናቸው። መስኩ ሲደርሳቸው እንደ ተመታ ደወል ይንቀጠቀጣሉ። ከዚያም መረቡ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ የደወሉ ድምፅ በየትኛው ሽቦ በኩል በርትቶ እንደ ተሰማ በማነጻጸር የጫፉን ቦታ ያገኛል። እጅ ሲጫን የወረዳው ባሕርይ በጥቂቱ ስለሚለወጥ የድግግሞሹ ለውጥ የጫናውን መጠን ይነግራል።

የዚህ ዓይነት እስክሪብቶዎች አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ ኩባንያ ታብሌት ወደ ሌላው መዋስ የሚቻል ናቸው፤ ቢጠፋ ሌላ ማግኘት አይከብድም። ፔፐር ፕሮን የመሳሰሉት ግን የራሳቸው የሆነና ኃይል መሞላት ያለበት እስክሪብቶ አላቸው። እንዲሁም የጫፉን ዕድሜ መጠየቅ ይገባል። እንደ ወረቀት ሻካራ ስሜት የሚሰጡት የሪማርከብል ለስላሳ ጫፎች እየተሞረዱ ያልቃሉና ምትካቸው ከውጭ መምጣት አለበት። ሱፐርኖት የተባለው መሣሪያ በተቃራኒው ጠንካራ የሴራሚክ ጫፍ በለስላሳ ፊልም ላይ እንዲንሸራተት አድርጎ ችግሩን ፈትቶታል። ለእኛ አገር ተማሪ ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ከመዘግየት ቁጥር ይልቅ ሊከብድ ይገባል።

የወረቀቱ መጠንና የፊደላችን ጥግግት

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስክሪን የሚለካው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በኢንች ስለሆነ 7.8 እና 10.3 ብዙ የሚራራቁ አይመስሉም። ሆኖም በዩኒቨርሲቲ የሚነበበው ሁሉ፣ ሃንድአውቱም የምርምር ጽሑፉም ቴሲሱም፣ የሚዘጋጀው በኤ4 ወረቀት ነው። ኤ4 297 በ210 ሚሊሜትር ነው። ባለ 10.3 ኢንቹ ስክሪን 209 በ157 ሚሊሜትር ገደማ በመሆኑ ሙሉው ገጽ እንዲገባበት ወደ 70 በመቶ መታጠፍ አለበት፤ በ12 ነጥብ የተጻፈው ፊደል ወደ 8.4 ነጥብ ያንሳል። ይህ በመጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻ መጠን ነው፤ ይነበባል። በ7.8 ኢንች ግን ያው ገጽ ወደ 53 በመቶ ይወርዳልና ፊደሉ 6.4 ነጥብ ይሆናል፤ በኢንዴክስ የተሞላ የሒሳብ ቀመር በዚህ መጠን ማንበብ ዓይንን መቅጣት ነው። በ13.3 ኢንች 91 በመቶ ያህል ይቀመጣል፤ ዋጋውና ክብደቱ ግን አብሮ ይንራል። ትንሹ ስክሪን ለሚጽፍ ብቻ ይስማማል፤ ለሚያነብና በኅዳጉ ላይ ለሚጽፍ ከ10 ኢንች በታች አይመከርም።

በኢንች ውስጥ ያለው የፒክስል ብዛት ቀጥሎ ይመጣል። የሪማርከብል ሁለተኛው ታብሌት በኢንች 226 ፒክስል፣ ኪንድል ስክራይብና የቅርቦቹ ሱፐርኖቶች 300 ፒክስል አላቸው። በመጀመሪያው አንዱ ፒክስል 0.11፣ በሁለተኛው 0.085 ሚሊሜትር ነው። ለላቲን ፊደል ልዩነቱን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የግእዝ ፊደል ግን ትርጉሙን የሚሸከመው በትናንሽ ቅጥያዎች ነው፤ «ቢ»ን ከ«ቤ»፣ «ጪ»ን ከ«ጬ» የሚለየው አንዲት እግር ላይ ያለች ቀለበት ወይም ጭረት ናት። በ8 ነጥብ ፊደል ላይ ያች ቀለበት የጥቂት ፒክስሎች ጉዳይ ናት። አማርኛ በብዛት የሚያነብ ሰው 300ን ቢመርጥ ቅንጦት አይሆንበትም። ለእጅ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ 226 ይበቃል፤ እስክሪብቶ የሚያሰምረው መስመር ራሱ ከዚያ ይወፍራልና።

ከፎቶኮፒ የተነሡ ሃንድአውቶች ሌላ ፈተና ናቸው። ስክሪኑ የሚያሳየው 16 የግራጫ እርከኖችን ብቻ ስለሆነና ነጩ ራሱ የወረቀትን ግማሽ ያህል ብቻ ብርሃን ስለሚመልስ፣ ጀርባው የጠቆረ ቅጂ በስልክ ላይ ከሚታየው ይልቅ እዚህ ላይ ይደበዝዛል። ፋይሉን አስቀድሞ በኮምፒዩተር ማንጣት ይረዳል። ከአማርኛ ፋይሎች ደግሞ ፒዲኤፍ የሆኑት አብዛኛውን ጊዜ ፊደላቸውን ይዘው ስለሚጓዙ በሰላም ይከፈታሉ፤ በሌላ ዓይነት የተዘጋጁት ግን በመሣሪያው ውስጥ የግእዝ ፊደል ከሌለ ባዶ አራት ማዕዘኖች ሆነው ሊወጡ ይችላሉ።

ስለ ቀለማትና ስለ መብራት

የቀለማት ጉዳይ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ካሌይዶ የተባለው ዘዴ በጥቁርና ነጩ ቀለም ላይ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ማጣሪያ ይደርባል፤ ብርሃኑ ማጣሪያውን ሲገባም ሲወጣም ስለሚያቋርጥ ገጹ ይጨልማል፤ በሦስተኛው ትውልዱ ጥቁርና ነጩ በኢንች 300 ሲሆን ቀለሙ 150 ነው። ጋለሪ የተባለው ደግሞ ማጣሪያ ትቶ በየካፕሱሉ አራት ዓይነት ባለቀለም ቅንጣቶች ያንቀሳቅሳል፤ ይህም ይበልጥ ያምራል፤ ግን አራቱን ለይቶ ማሰለፍ ጊዜ ስለሚፈልግ ባለቀለም ገጽ ለመለወጥ እስከ አንድ ሴኮንድ ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ካርታና የጨርቅ ስላይድ ለሚያነብ የጂኦሎጂና የሕክምና ተማሪ ቀለም ያስፈልጋል። ለሌላው ቀይ እስክሪብቶ ይበቃዋል።

መብራትን በተመለከተ፣ ሪማርከብል ሁለትና የቅርቦቹ ሱፐርኖቶች የራሳቸው ብርሃን የላቸውም፤ ኪንድል ስክራይብና ፔፐር ፕሮ አላቸው። መኝታ ክፍል ውስጥ ጓደኞቹ ተኝተው ለሚያጠና፣ ወይም መብራት ለሚጠፋበት ተማሪ ይህ ብቻውን ወሳኝ ሊሆን ይችላል።

ማስታወሻው የማን ነው?

አራት ዓመት የተጻፈ ማስታወሻ ከታብሌቱ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት ዋናው የሶፍትዌር ጥያቄ «ማስታወሻዬን ያለ ኢንተርኔትና ያለ ክፍያ በገመድ አውጥቼ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ እችላለሁን?» የሚለው ነው። አገልግሎት ከተገዛ በኋላም ሊለወጥ እንደሚችል ምሳሌ አለ፤ ሪማርከብል እ.ኤ.አ. በ2021 አንዳንድ አገልግሎቶቹን ለአዳዲስ ገዢዎች በወርሃዊ ክፍያ ሥር አድርጎ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ክፍያውን አላልቷል። በዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ብቻ የሚከፈል ወርሃዊ ሒሳብ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ የተዘጋ በር ነው። በአንድሮይድ የሚሠሩት የቦክስ ታብሌቶች በዚህ ረገድ ነፃነት ይሰጣሉ፤ ተጠቃሚው የፈለገውን ፕሮግራም ይጭናል። በምላሹ ትኩረት የሚሰርቀውም ነገር አብሮ ይገባል፤ ቴሌግራም የሚከፈትበት ደብተር ደብተርነቱ ያጠራጥራል።

የእጅ ጽሑፍን ወደ ታተመ ፊደል የመለወጥ አገልግሎትን በሚመለከት፣ አማርኛ በሻጩ ዝርዝር ውስጥ በስሙ ካልተጻፈ የለም ብሎ መነሣት ይበጃል። ቢኖርም «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»ን፣ «ሰ»ን እና «ሠ»ን ጽፎ መፈተን ነው።

ያስፈልጋልን?

ሻጮች በእጅ መጻፍ ትምህርትን እንደሚያሰርጽ ሲናገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክቱት ሙለርና ኦፐንሃይመር እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙትን ጥናት ነው። በጥናቱ በላፕቶፕ የጻፉ ተማሪዎች የመምህሩን ቃል እንዳለ ሲገለብጡ፣ በእጅ የጻፉት በጽንሰ ሐሳብ ጥያቄዎች የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ድጋሚ ሙከራ የቃላቱን ልዩነት ሲያገኝ የፈተናውን ውጤት ልዩነት አላረጋገጠም። ነገሩ ገና አልተቋጨም፤ ደግሞም ሁለቱም ጥናቶች ያነጻጸሩት እጅን ከኪቦርድ ጋር ነው እንጂ ታብሌትን ከደብተር ጋር አይደለም። በእጅ መጻፍ የሚጠቅም ከሆነ ደብተርና ቢክም ያንኑ ይጠቅማሉ።

ስለዚህ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪና ለመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሣሪያው አያስፈልግም የሚል አቋም አለኝ፤ ገንዘቡ ደህና ላፕቶፕ ለመግዛት ቢውል ይሻላል። የሚያዋጣው በመቶ የሚቆጠሩ የፒዲኤፍ ጽሑፎችን አንብቦ በኅዳጋቸው ላይ ለሚጽፍ፣ ለእያንዳንዱም ማተሚያ ቤት ለሚከፍል የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። ለዚህ ዓይነቱ አንባቢ የሚሆነው ባለ 10 ኢንች፣ በኢንች 300 ፒክስል፣ ጥቁርና ነጭ፣ ብርሃን ያለው፣ ባትሪ አልባ እስክሪብቶ የሚጠቀምና ፋይሉን በገመድ የሚያስወጣ ነው። ስሙ ማንም ይሁን ማን።

የስክሪኑ ጀርባ በአብዛኞቹ ስስ መስታወት መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በተጨናነቀ ታክሲ ውስጥ በቦርሳ ላይ የሚያርፍ አንድ ክርን ሊሰብረው ይችላል፤ ስክሪን ለማስቀየር የሚወጣው ገንዘብም አዲስ ከመግዛት ብዙ ላያንስ ይችላል። ጠንካራ ሽፋን በዋጋው ውስጥ አብሮ መታሰብ አለበት።

አገር ቤት ውስጥ ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ ቀላል ሙከራ ማድረግ ይችላል። ብዙ የዛሬ ስልኮች በዝግታ የሚታይ ቪዲዮ በሴኮንድ 240 ምስል ይቀርጻሉ፤ አንዱ ምስል 4.2 ሚሊሴኮንድ ገደማ ማለት ነው። ማስመሪያ በስክሪኑ ላይ አጋድሞ፣ ስልኩን ከላይ አቁሞ፣ በማስመሪያው ጠርዝ በፍጥነት መስመር እያሰመሩ መቅረጽ ነው። ከዚያም ቪዲዮውን አንድ በአንድ እያሳለፉ ጫፉ አንድን ምልክት ካለፈበት ምስል አንሥቶ ቀለሙ እዚያው ምልክት ላይ እስከ ታየበት ድረስ መቁጠር። አምስት ምስል ከሆነ 21 ሚሊሴኮንድ ነው፤ አሥራ ሦስት ከሆነ 55። ሙከራው በጧት ብርድና በቀትር ሙቀት ቢደገም የፈሳሹ ዝልግልግነት ከሙቀት ጋር ሲለዋወጥ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ለመጥቆር የሚፈጅበት ጊዜ ልዩነት ማሳየት አለማሳየቱን ማየት ይቻላል፤ መሣሪያው የውስጡን ሙቀት እየለካ ቮልቴጁ የሚሰጥበትን ጊዜ ስለሚያስተካክል ልዩነቱ የሚጠበቀውን ያህል ላይሆን ይችላል። ውጤቱን በሰንጠረዥ መዝግቦ ለዚህ መጽሔት የሚልክ አንባቢ ቢኖር አዘጋጆቹ በደስታ ይቀበላሉ።